ፔሎፖኔዝን በብስክሌት፦ ኪሎሜትሩን ተይው፣ ዳገቱን ቁጠሪ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ 38 ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር 50 ኪሎሜትር ያህል ብስክሌት እነዳለሁ። ዘንድሮ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ግሪክ ሄደን ከቆሮንቶስ እስከ ካላማታ በስድስት ቀን ለመንዳት አስበናል። በካርታ ስለካው ወደ 370 ኪሎሜትር ነው። በቀን 60 ገደማ ማለት ነው፤ ብዙም አያስፈራም። የጨነቀኝ ብስክሌቱ ነው። ያለኝ አሮጌ ነው፣ 13 ኪሎ ይመዝናል። ቀለል ያለ የካርቦን ልግዛ ወይስ ይቅር? የምንሄደው ደግሞ ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ነው፤ እኔ እጾማለሁ። በመጨረሻም አበበ ቢቂላ የሮጠበትን የማራቶን መንገድ በብስክሌት ባየው ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቁጥር ጎድሎታል። ርቀቱን ነግረሽኛል፣ የብስክሌቱን ክብደት ነግረሽኛል። ስንት ሜትር ሽቅብ እንደምትወጪ ግን አልነገርሽኝም። ፔሎፖኔዝ ላይ፣ ማለት ቆሮንቶስም ካላማታም ባሉበት በደቡብ ግሪክ ምድር፣ ቀንሽን የሚወስነው እሱ ነው። በማይን ዳር 60 ኪሎሜትር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በመንገድሽ ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ ካለችው ከሊዮኒዲዮ ወደ ተራራው መንደር ወደ ኮስማስ ደግሞ 30 ኪሎሜትሩ ብቻውን ሦስት ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል።

እኔ ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው። በፀደይ ደግሞ ጀማሪዎችን ይዤ በዚሁ መንገድ እወጣለሁ። መንገድ ላይ አቋርጠው አውቶቡስ የተሳፈሩ አሉ። ግን በጉልበት ማነስ ያቋረጠ አላስታውስም። ያስቆማቸው ወይ ማርሽ ነው፣ ወይ ሻንጣ ነው፣ ወይ ባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ትችያለሽ። አዲስ ብስክሌት አትግዢ። ስድስቱን ቀን ግን ስምንት አድርጊው።

ከብስክሌቱ ልጀምር። አንቺ፣ ብስክሌቱ፣ ውኃውና ሻንጣው ተደምሮ 90 ኪሎ ነው እንበል። ከባሕር ዳር ተነስተሽ ኮስማስ መንደር ስትደርሺ 1,150 ሜትር ገደማ ከፍ ብለሻል። መጠነኛ ልምምድ ያለው ሰው ይህን ለመውጣት ከእረፍት ውጭ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። አሁን የካርቦን ብስክሌት ገዝተሽ 5 ኪሎ ቀነስሽ እንበል። ከ90ው ላይ 5 ኪሎ ማለት ከመቶ አምስት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩሉ በስምንት ደቂቃ ያጥራል። በቃ። ለስምንት ደቂቃ ሁለት ሦስት ሺህ ዩሮ ልታወጪ ነው? ሻንጣሽን ከቦታ ቦታ የሚያደርስ መኪና ብትከራዩ፣ ወይም ልብስሽን በግማሽ ብትቀንሺ ያንኑ ታገኛለሽ። ማታ ማታ የሚታጠብ ሁለት ቁምጣና ሁለት ቲሸርት ይበቃል። ይህን ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ማንም አይቀበለኝም።

ገንዘብ ማውጣት ካማረሽ ማርሹ ላይ አውጪው። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ማርሽ ተመልከቺ። ጥርሳቸውን ቁጠሪ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ለምሳሌ 34 በ34፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ያ ወደ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ያስኬድሻል። በደቂቃ 60 ጊዜ እየዞርሽ በሰዓት 7 ተኩል ኪሎሜትር ትሄጃለሽ። ዝግ ያለ ነው፣ ግን ትንፋሽሽ ሳይቆራረጥ ቀኑን ሙሉ ትይዥዋለሽ። የኋላው 25 ጥርስ ብቻ ከሆነ ያንኑ 60 ዙር ለመጠበቅ ከ10 ኪሎሜትር በላይ መፍጠን ይኖርብሻል። ዳገት ላይ ያ አይሆንም። ስለዚህ ዙሩ 40 ይደርሳል፣ ሸክሙ ሁሉ ጉልበትሽ ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴን አመመኝ የሚሉኝ ሰዎች ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንን ነው። ከኋላ 34 ወይም 36 ጥርስ ያለው ማርሽና አዲስ ካቴና አስገጥሚ። ሲገጠም ግን የኋላው ማርሽ ቀያሪ ያንን ትልቅ ጥርስ የሚችል መሆኑን መካኒኩ ያረጋግጥልሽ። ካልቻለ እሱም ይለወጣል። አሮጌው ብስክሌትሽ ከዚህ በላይ ምንም አይጎድለውም። እንዲያውም 13 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ ጎማ ይቀበላል። 32 ሚሊሜትር ካስገባሽ ለዚያ አገር አስፋልት ተስማሚ ነው።

ከባልደረቦችሽ አንዱ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ልሂድ ካለ ከጀርመን ይዞ ለመብረር አያስብ። የመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ አይጭንም። የብስክሌት ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 500 አካባቢ ነው። እዚያው ይከራይ።

ለልምምድ ፍራንክፈርት መኖርሽ ዕድል ነው። ወንዙን ለጥቂት ሳምንት እርሺው። በኡ 3 ባቡር ሆሄማርክ መጨረሻ ጣቢያ ውረጂና ወደ ፌልድበርግ ውጪ። ጣቢያው 300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ተራራው 880 ገደማ። ወጥተሽ፣ ወርደሽ፣ እንደገና ከወጣሽ የኮስማስን ዳገት ወጣሽ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ ይበቃሻል። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ሁለቴ ወጥተሽ በማግስቱ እሁድ ደግሞ 50 ኪሎሜትር መንዳት ከቻልሽ ጨርሰሻል። በማግስቱ መንዳቷን አትዝለያት። የብዙ ቀን ጉዞ የሚፈትነው ትናንት የደከመን እግር ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአቴንስ በብስክሌት አትውጪ። በኤሌፍሲና በኩል ያለው መንገድ የነዳጅ ማጣሪያና የከባድ መኪና መንደር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቆሮንቶስ በከተማ ዳር ባቡር ሂዱ። ፕሮአስቲያኮስ ይሉታል። መሀል ላይ መቀየር ሊኖር ይችላል፣ ብስክሌት ግን ይዞ መግባት ይቻላል። ቆሮንቶስ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ተመለሱና ኢስትሚያ ላይ ቦዩን እዩ። ቦዩ የተከፈተው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቱ 6.3 ኪሎሜትር ሲሆን ሁለት ባሕር ያገናኛል። የሮሙ ቄሳር ኔሮ በ67 እ.ኤ.አ. አስጀምሮት ሳይሳካ ቀርቷል። ኢስትሚያ ላይ ያለው ድልድይ መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ አይነሳም፤ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። መርከቡ ካለፈ በኋላ ውኃ እያንጠባጠበ ብቅ ይላል። ብስክሌት ይዞ ቆሞ ለማየት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ከዚያ የጥንቷ ቆሮንቶስ። ቅዱስ ጳውሎስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር የተቀመጠባት፣ በአገረ ገዥው በጋልዮስ ፊት የቀረበባት ከተማ ናት። ያ የፍርድ ወንበር የነበረበት የድንጋይ መድረክ ዛሬም በፍርስራሹ መሀል አለ። ለአንቺ ዝም ብለሽ የምታልፊው ቦታ አይመስለኝም። ግማሽ ሰዓት ያዢለት።

ከቆሮንቶስ ወደ ናፍፕሊዮ 70 ኪሎሜትር ያህል ነው። በአሮጌው መንገድ በዴርቬናኪያ ሸለቆ በኩል ይሄዳል። በ1822 እ.ኤ.አ.፣ በግሪኮች የነጻነት ጦርነት፣ የጦር መሪያቸው ኮሎኮትሮኒስ የኦቶማኑን የድራማሊ ፓሻን ጦር የደመሰሰው እዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው። በመንገድሽ የጥንታዊቷን ምሽግ ከተማ፣ የሚኬኔን ፍርስራሽ ታገኛለሽ። የአንበሶቹ በር፣ የአትሬዎስ መቃብር። ድንጋዮቹን ስታዪ ያለ ክሬን እንዴት ተነሱ ትያለሽ፣ ሁሉም ይላል።

ሁለተኛው ቀን ቀለል ይላል። ከናፍፕሊዮ ኤፒዳውሮስ ደርሶ መልስ 60 ኪሎሜትር። የኤፒዳውሮስን ጥንታዊ የድንጋይ ቲያትር ሁሉም ያውቀዋል። 14,000 ያህል ሰው ይይዛል፣ መሀል ላይ ወረቀት ሲቀደድ ላይኛው ረድፍ ድረስ ይሰማል ይባላል። እኔ ግን የምወደው መንገድ ላይ ያለውን ነው። ከናፍፕሊዮ 15 ኪሎሜትር ያህል እንደሄድሽ፣ አርካዲኮ መንደር አጠገብ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሚኬኔያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የሠሩት ነው። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው። ትልልቅ ያልተጠረቡ ድንጋዮች እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ርዝመቱ 22 ሜትር ገደማ ነው። ላዩ ላይ ግራና ቀኝ ዝቅ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አለው፤ የሠረገላ ጎማ እንዳያመልጥ ነው ይላሉ። ሣር በቅሎበታል። አጥር የለውም፣ ትኬት የለውም፣ የአስጎብኚ አውቶቡሶች በአጠገቡ ሽው ብለው ያልፋሉ። ብስክሌትሽን እየገፋሽ ተሻገሪው። ጎማ እንዲያልፍበት በተሠራ ድልድይ ላይ ከ3,200 ዓመት በኋላ በጎማ ማለፍ፣ እንጃ፣ እኔን ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ናፍፕሊዮ ራሷ ከ1829 እስከ 1834 የአዲሲቷ ግሪክ ዋና ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው መሪያቸው ካፖዲስትሪያስ በ1831 የተገደለው እዚሁ፣ በቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ከከተማዋ በላይ ፓላሚዲ ምሽግ አለ። 999 ደረጃ አለው ይላሉ። ባልደረቦችሽ ካልወጣን ይሉሻል። እምቢ በይ። ደረጃ መውረድ ብስክሌት የማያውቀውን የጭን ጡንቻ ይቀጠቅጣል፣ ሁለት ቀን ያስነክሳል። በመኪና መንገድ በኩል በታክሲ ውጡ።

ስምንት ቀን ይሁን ያልኩሽ ለዚህ ነው፦ የግሪኮች ፋሲካና የእኛ በአንድ ቀን ይውላሉ። የምትሄዱት ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ከሆነ ጉዞውን ሰሙነ ሕማማት ላይ አድርጉት። ረቡዕ ከቆሮንቶስ ናፍፕሊዮ፣ ሐሙስ ኤፒዳውሮስ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ አትንጂ። ማታ ናፍፕሊዮ ውስጥ የጌታን መቃብር ምሳሌ በአበባ አስጊጠው በሻማ ከተማውን ይዞሩታል። ቅዳሜ ወደ ሊዮኒዲዮ። ባሕሩን በግራ ይዘሽ 80 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከአስትሮስ በኋላ ከፍ ዝቅ ይበዛዋል። ግን ልብ በይ፣ የምታከፍዪ ከሆነ፣ ማለት ከዓርብ እስከ እሁድ ሌሊት ምንም የማትቀምሺ ከሆነ፣ ቅዳሜን በመኪና ሂጂ። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ሊዮኒዲዮ በቀይ ገደል ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰዎቿ ጻኮኒያ የሚሉት ቋንቋ አላቸው። ዶሪክ ከሚባለው ከጥንቱ የስፓርታውያን ግሪክኛ የወረደ ነው። «ቋንቋችን ጻኮኒያ ነው፣ እንዲያናግሯችሁ ጠይቁ» የሚል ሰሌዳ መግቢያው ላይ ተክለዋል። አሁን የሚናገሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። የትንሣኤ ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ «ክሪስቶስ አኔስቲ» ሲባል፣ ከየአጥቢያው ውስጣቸው እሳት የሚነድ የወረቀት ፊኛዎችን ወደ ሰማይ ይለቃሉ። አጥቢያዎቹ ይፎካከራሉ። ሰማዩ በቀስታ በሚሄዱ መብራቶች ይሞላል። «አሊቶስ አኔስቲ» ብለሽ መልሺ፣ በእውነት ተነሥቷል ማለት ነው። የእኛ ቅዳሴ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነው የሚያልቀው፣ የእነሱ ቶሎ ይፈታል። አልጋ ግን ቀደም ብለሽ ያዢ፤ ለፋሲካ ግሪክ ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይገባል። እሁድ ሙዚየምና ጥንታዊ ቦታዎች ዝግ ስለሆኑ ብታርፊ የሚያመልጥሽ ነገር የለም። በግ ይጠበሳል። ብዪ፣ ግን በልክ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ባንዴ ሥጋ ጠግቦ በማግስቱ ዳገት መውጣት ምን እንደሚያስከትል ልነግርሽ አልፈልግም።

ሰኞ ዋናው ቀን ነው። ሊዮኒዲዮ፣ ኮስማስ፣ ስፓርታ፦ 85 ኪሎሜትር ያህል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ተነሺ። መንገዱ መጀመሪያ በደረቅ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ለስለስ ብሎ ይሄዳል። ያታልላል። ከዚያ ገደሉን እየተጠማዘዘ መውጣት ይጀምራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት የሄድኩት በሁዳዴ ነበር። እስከ ቀትር ሳልቀምስ ልንዳ አልኩ። በሜዳ ለምጄዋለሁ፣ ምን አለበት? ወደ 15 ኪሎሜትር እንደወጣሁ ቀዝቃዛ ላብ አሰመጠኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። የአስፋልቱ ነጭ መስመር ሁለት ሆነብኝ። ወርጄ ብስክሌቱን መግፋት ጀመርኩ፣ መግፋቱም አቃተኝ። ቀና ስል ቀዩ ገደል ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል። የኤሎና ገዳም ነው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በረንዳው ላይ ቁጭ እንዳልኩ አንዲት መነኩሲት መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ፊቴን አይተው ተመለሱ። በትንሽ ሰሃን ሁለት ቁራጭ ሉኩሚ፣ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው መጡ። ሉኩሚ በስኳር ዱቄት የተነከረ ለስላሳ ጣፋጭ ነው፤ ስኳርና ስታርች ብቻ ነው፣ የጾም ነው። ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ጣቴ ላይ የቀረውን ዱቄት ስልስ ሳቁና ሳህኑን ሞልተው መለሱት። ከ20 ደቂቃ በኋላ መስመሩ አንድ ሆነ። (የዚያ ገዳም የእመቤታችን ሥዕል በ2006 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ተገኝቶ ተመልሷል። ገደሉን ስታዪ ሌባው በየት በኩል ገባ ብለሽ ትገረሚያለሽ።)

ምን ሆኜ ነው? ዳገት ላይ ሰውነት የሚያቃጥለው በዋናነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያከማቸውን ስኳር ነው። ያ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው። ሌሊቱን ጾመሽ ካደርሽ የጉበቱ ቀድሞ ተሟጧል። ስለዚህ በምትነጂበት ጊዜ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ወይም ስታርች በውስጡ ያለው ምግብ ያስፈልግሻል። አንድ ትልቅ ሙዝ ውስጥ 30 ግራም አካባቢ አለ። ምግቡ የጾም መሆኑ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም የጾም ምግብ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል። የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። እኔ ካህን አይደለሁም። ለመንገድ ቀናት ሰዓቱን ስለማሳጠር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እሳቸው አይሆንም ካሉ አጭሩን ቀን ንጂ፣ ረጅሙን ተይው። ባዶ ሆድሽን ዳገት አትውጪ።

ምግብ ቤት ስትገቢ አንድ ቃል ያዢ፦ ኒስቲሲሞ። የጾም ማለት ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግራ አይጋባም። ፋሶላዳ የነጭ ቦሎቄ ሾርባ ነው። ጊጋንቴስ ትልልቅ ቦሎቄ በቲማቲም ምድጃ ውስጥ የበሰለ ነው። ፋኬስ ምስር ነው። ሆርታ የተቀቀለ የዱር ቅጠል በሎሚና በወይራ ዘይት ነው፤ ጎመን የናፈቀው ሐበሻ ሁለት ሳህን ያዛል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ በእነሱ ጾም ዓሣ አይበላም፣ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ግን ይበላል። ኒስቲሲሞ ብለሽ ኦክቶፐስ ቢመጣልሽ አስተናጋጁ አላጭበረበረሽም። ለኪስ ደግሞ ፓስቴሊ ግዢ። ሰሊጥና ማር ተጋግሮ የተቆረጠ ነው። ከፋብሪካ የስፖርት ምግብ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ይረክሳል፣ ይጣፍጣል፣ ሙቀት ላይ ትንሽ ይጣበቃል እንጂ አይቀልጥም።

ኮስማስ ስትደርሺ አደባባዩን ትላልቅ የፕላታኖስ ዛፎች ያጠሉታል። ባሕር ዳር በቲሸርት ነበርሽ፣ እዚህ ጃኬት ትፈልጊያለሽ። ላብሽ ሳይደርቅ አትውረጂ። ቁልቁለቱ ላይ ከብርዱ የበለጠ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። አሮጌ ብስክሌት ስለሆነ ፍሬኑ ቸርኬውን በጎማ የሚቆነጥጥ ዓይነት ይመስለኛል። ያን ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ይዘሽ ከቆየሽ ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ አትንጠልጠዪበት። ከኩርባው በፊት በሁለቱም እጅ ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነትሽ ሲቀንስ ልቀቂ፣ ይቀዝቅዝ። ከመሄድሽ በፊት የፍሬኑን ጎማ አዲስ አድርጊው፤ ከ20 ዩሮ አይበልጥም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ተጠንቀቂ። የግሪክ አሮጌ አስፋልት ድንጋዩ ተልጎ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ከኩርባው ጀርባ ፍየል ሊኖር ይችላል። ፍየሎቹ አይቸኩሉም።

ስለ ውሻ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መንጋ የሚጠብቁ ውሾች አሉ፤ ይሮጡብሻል፣ ይጮኻሉ። ዳገት ላይ ስለማታመልጪያቸው አትሞክሪ። ቁሚ፣ ውረጂ፣ ብስክሌቱን በመሀላችሁ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ። አልመለስ ካለ ጎንበስ በይ፣ ድንጋይ የምታነሺ ምሰዪ። ይህን ለሐበሻ ማስተማር አያስፈልግም። እዚያም ይሠራል።

ማክሰኞ ስፓርታ እደሩና ሚስትራስን እዩ፤ 6 ኪሎሜትር ብቻ ነው። ጥንታዊቷ ስፓርታ ብዙ የሚታይ አልተረፋትም፣ አትጠብቂ። ሚስትራስ ግን በተራራ ጎን ላይ የተተወች የቢዛንታይን ከተማ ናት። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 11ኛ፣ በ1453 ከቁስጥንጥንያ ጋር የወደቀው፣ በጥር 1449 ዘውዱን የጫነው እዚህ ነው። ፓንታናሳ ገዳም ውስጥ ዛሬም እናቶች አሉ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ስታዪ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ትዝ ይሉሻል፤ እኔ እንደዚያ ሆኜ ነበር። በብስክሌት ጫማ አትግቢ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ረቡዕ የመጨረሻው፦ በላንጋዳ መተላለፊያ በኩል የታይጌቶስን ተራራ አቋርጦ ካላማታ። 60 ኪሎሜትር። በካርታ አጭር ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት አለው። ትሪፒ መንደርን ካለፍሽ በኋላ መንገዱ ገደሉን ቦርቡሮ ነው የሚሄደው። አለቱ እንደ ጣራ ከራስሽ በላይ ይንጠለጠላል። አጫጭር ዋሻዎች ስላሉ የኋላ መብራት ቀንም አብሪ። በሌላው ጎን ወርደሽ ጨረስኩ ስትዪ መንገዱ ትንሽ እንደገና ይነሳል። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚራገመው። ለዚያች አንድ ቁራጭ ፓስቴሊ አስቀሪ።

ስለ ማራቶን መንገድ ላሳዝንሽ ነው። አበበ በ1961 እ.ኤ.አ. አቴንስ መጥቶ በዚያ መንገድ ሮጦ አሸንፏል፤ ከሮም በኋላ በዓመቱ ማለት ነው። ብስክሌትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1896ቱ ኦሊምፒክ የብስክሌቱ የጎዳና ውድድር ከአቴንስ ማራቶን ደርሶ መልስ 87 ኪሎሜትር ነበር። ግሪካዊው አሪስቲዲስ ኮንስታንቲኒዲስ በ3 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨረሰው። በሰዓት 26 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ያውም በዚያን ጊዜ ብስክሌት። ዛሬ ግን ያ ጎዳና ሰፊና መኪና የሞላበት የከተማ መንገድ ሆኗል። በየመብራቱ ትቆሚያለሽ፣ ጭስ ትጠጫለሽ። ብስክሌቱን ሆቴል ትተሽ በአውቶቡስ ማራቶን ሂጂ፣ መነሻውን እዪ። መድረሻውን፣ በነጭ እብነ በረድ የተሠራውን ፓናቴናይኮ ስታዲየምን፣ አቴንስ መሀል ታገኚዋለሽ። አበበን ለማሰብ ያ ይበቃል።

ከካላማታ ወደ አቴንስ ባቡር የለም፤ የፔሎፖኔዝ ጠባብ ሐዲድ በ2011 ተዘግቷል። ክቴል በሚሉት አውቶቡስ ነው የምትመለሱት። ብስክሌቱ ከሥር ሻንጣ ቤት ይገባል፣ ግን ውሳኔው የሾፌሩ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የፊት ጎማውን ፍቱ። ካቴናውን በአሮጌ ቲሸርት ጠቅልሉ፣ የሰው ሻንጣ እንዳይቀባ። ሦስት ብስክሌት ባንድ ጊዜ አልጭንም ካላችሁ አትከራከሩ፤ አንዳችሁ ቀጣዩን ጠብቁ።

ዛሬ ማታ ብስክሌትሽን ገልብጪና የኋላውን ትልቁን ማርሽ ጥርስ ቁጠሪ። አንዱ ላይ በቀለም ምልክት አድርገሽ ጀምሪ፣ አለዚያ ይጠፋብሻል። ቁጥሩንና የማርሽ ቀያሪውን ፎቶ ላኪልኝ፤ ምን እንደሚገጥምለት እነግርሻለሁ።